ከመጋረጃው ላይ የቀረ ስም

እንደምን አመሻችሁ! አሰላሙ ዓለይኩም!

አባቶችና እናቶች፣ የፊልም ማኅበራችን አባላት፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልድያ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ቡናው ከኋላ እየተቆላ ነው። እስኪደርስ ጋቢያችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ነገ ጠዋት ያቀርባሉ። የእኔ ድርሻ መክፈት ብቻ ነው። ግን ሊቀ መንበር አንዴ ማይክ ከያዘ እንደማይለቅ ከአምናው ታውቃላችሁ።

ዛሬ ማታ የምናየው «ሮማን ሆሊዴይ»ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ የፍቅር ኮሜዲ ነው። አንዲት ልዕልት የቤተ መንግሥቱ ሥርዓት ሰልችቷት ሹልክ ብላ ትወጣና ሮም ውስጥ አንድ ቀን እንደ ማንም ሰው ትውላለች። አንድ ጋዜጠኛ ያገኛታል። ማን እንደሆነች ያውቃል፣ ግን ያላወቀ ይመስላል። እሷም ትዋሸዋለች፣ እሱም ይዋሻታል። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ያላያችሁት አላችሁ።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቪዲዮ ቤት ነው። ልጆች ነን። ካራቴ እናያለን ብለን ከፍለን ገባን፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም መጣብን። «ብራችን ይመለስ!» ብሎ ያልጮኸ የለም። ከዚያ ልዕልቷ እንግዳ እየተቀበለች ቆማ ከረጅሙ ቀሚሷ ሥር ጫማዋን ታወልቃለች። እግሯን ታሳርፍና መልሳ ልታጠልቀው ስትል ታጣዋለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ብሩን የጠየቀ አልነበረም።

ጥቁርና ነጭ የሆነው ያለምክንያት አይደለም። ዳይሬክተሩ ዊሊያም ዋይለር ሆሊዉድ ውስጥ በተቀባ ሸራ ሮምን አላሳይም አለ። ሮም ሄጄ እቀርጻለሁ አለ። ፊልሙን የሚያሠራው ኩባንያ ፓራማውንት ተስማማ፣ ግን ወጪው ሲደመር ቀለሙ ቀረ። ገና ሲጀምር ፊልሙ በሙሉ ሮም፣ ጣሊያን እንደተቀረጸ የሚናገር ጽሑፍ ይመጣል። የተቀረጸው በ1952 ነው፣ እኛ ዝናብ ላይ ስንሆን ሮም በሙቀት በምትነድበት ወራት።

ልዕልቷን የሠራችው ኦድሪ ሄፕበርን ያኔ የ23 ዓመት ልጅ ነበረች፣ በሆሊዉድ ገና አትታወቅም። ከዚያ በፊት በ1951 እንግሊዝ አገር ፓይንዉድ ስቱዲዮ ለሙከራ ቀርጸዋት ነበር። ዋይለር በቦታው አልነበረም፣ ግን አንድ ተንኮል አስቀድሞ ልኳል። ትዕይንቱ ሲያልቅ ካሜራው እንዳይቆም አለ። ልጅቷ አልጋ ላይ ሆና የልዕልቷን ቃል ተጫወተች። «ካት» ተባለ። ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ዘና አለች፣ ሳቀች፣ እንዴት ነበርኩ ብላ ጠየቀች። ይሄ ሁሉ ሲሆን ካሜራው ይዞራል። ዋይለርን የማረከው እሱ ነው። የኛም ልጆች ካት ሲባል ነው የሚያምርባቸው። ቀራጮቻችን እዚህ ላይ ልብ በሉ።

በሌላ በኩል ዋይለር ገራገር ሰው አልነበረም። በመለያያው ትዕይንት ላይ ልጅቷ ማልቀስ አቃታት። ደጋግመው ቀረጹ፣ እንባ የለም። በመጨረሻ ተቆጣትና ጮኸባት። ደንግጣ አለቀሰች፣ እሱም ቀረጸ። እኔ በዚህ አላመሰግነውም። እንባው ግን ዛሬም ያስለቅሳል፣ ምን ይደረግ።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። የስም ነገር ነው።

ጋዜጠኛውን የሠራው ግሪጎሪ ፔክ ያኔ የታወቀ ኮከብ ነው። በውሉ መሠረት ከፊልሙ ርዕስ በላይ የሚጻፈው የእሱ ስም ብቻ ነበር። ቀረጻው ላይ ግን የልጅቷን ችሎታ አየ። ወኪሉ ጋ ደወለና ስሟ ከእኔ እኩል ይውጣ አለ። ኦስካር መውሰዷ አይቀርም፣ ያኔ እኔ ነኝ የማፍረው ነበር ምክንያቱ። እውነትም በመጀመሪያው ትልቅ ሚናዋ የምርጥ ተዋናይት ኦስካር ወሰደች። ልብሱን ያዘጋጀችው ኢዲት ሄድም ወሰደች።

ሦስተኛው ኦስካር ለታሪኩ ነው። የተሸለመው ሰው ግን ታሪኩን አልጻፈውም። የጻፈው ዳልተን ትራምቦ ነው። ትራምቦ ኮሚኒስት ነህ ወይ ተብሎ የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀረበ፣ አልመልስም አለ፣ ታሰረ። ስቱዲዮዎቹም በሩን ዘጉበት። ጓደኛው ኢያን ማክሌላን ሀንተር ስሙን አበደረው። ድርሰቱ በሀንተር ስም ተሸጠ፣ ገንዘቡን ሀንተር ለትራምቦ ሰጠ። በ1954 ኦስካሩ ሲመጣ የተጠራውም ሀንተር ነው። ትራምቦ በ1976 ሞተ። ሽልማቱን በ1993 ሚስቱ ክሊዮ ተቀበለችለት። የደራሲነት ስሙ በይፋ የተመለሰው ደግሞ በ2011 ነው። ከፊልሙ ስንት ዓመት በኋላ? ከ58። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በሰው ስም መጻፍ ምን እንደሆነ የሚያውቁ ታላላቆች አሉ። እነሱን አስረዳለሁ ብል ድፍረት ነው።

ስለ እጁም ትዕይንት ሳልናገር አልወርድም። ሮም ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን በረንዳ ላይ ክብ የድንጋይ ፊት አለ፣ «የእውነት አፍ» ይሉታል። ውሸታም እጁን ቢያስገባ ይቆረጥማል ይባላል። የጣሊያኖች ሌባ ሻይ በሉት። ሁለቱም ውሸታሞች እዚያ ይቆማሉ። ፔክ እጁን ያስገባና ሲያወጣው እጅ የለም! እጅጌው ውስጥ ደብቆታል። ይህን ሊያደርግ መሆኑን ለኦድሪ አልነገሯትም ነበር። የምትሰሙት ጩኸት የእውነት ነው። አንዴ ብቻ ተቀረጸ፣ መድገም አላስፈለገም።

ከዚያ ድንጋይ ብዙም ሳትርቁ ሰርከስ ማክሲመስ የሚባለው ረጅም ሜዳ አለ። ያን ሜዳ ከጫፍ ጫፍ ብትሄዱት፣ በሌላኛው በኩል ያኔ ማን ቆሞ ነበር መሰላችሁ? የአክሱም ሐውልት። እ.ኤ.አ. በ1937 ወስደው ያቆሙት የኛው ሐውልት። አንዳንድ የፊልሙ የቤት ውስጥ ክፍሎች የተቀረጹበት ቺኔቺታ ስቱዲዮም ሙሶሊኒ በዚያው ዓመት የመረቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈርማለች። ፊልሙ ሲቀረጽ ቀጠሮው አልፏል። ሐውልቱ አገሩ የገባው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። እኔ እንግዲህ ልዕልቷና ጋዜጠኛው ቬስፓ ሞተር ሳይክል ላይ ሆነው በየመንገዱ ሲከንፉ ሌላው ሰው ይስቃል፣ የእኔ ዓይን ከጀርባቸው ሐውልቱን ይፈልጋል። እስካሁን አላገኘሁትም። ያገኘ ይንገረኝ።

ኦድሪ በኋላ አገራችን መጥታለች። መጋቢት 1980 ዓ.ም.፣ በዩኒሴፍ ስም የመጀመሪያ ጉዞዋ ነበር። መቀሌ የሕፃናት ማሳደጊያ ሄደች። ከ77 በኋላ ያሉት ዓመታት ምን ይመስሉ እንደነበር ለወሎ ሰው አልተርክም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር።

አምና የሠራናትን የ12 ደቂቃ ፊልም ታስታውሳላችሁ። የተቀረጸው ከፒያሳ በታች አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ነው። አራት ቀን ቤታቸውን ለቀቁልን። ብርሃን የምንመልስበት ዕቃ አልነበረንም። የቁም ሣጥናቸውን መስታወት አስነቀሉና ራሳቸው ግቢው መሃል ይዘውት ቆሙ። ፀሐይ ስትዞር አብረው ይዞራሉ። «ትንሽ ወደ ግራ እናቴ» ስንላቸው ወደ ግራ ይላሉ። ፍቅረኞቹ በር ላይ ሲተያዩ ፊታቸው ላይ የምታዩት ብርሃን የእሳቸው ክንድ ነው።

ፊልሙ የታየ ቀን ነጭ በነጭ ለብሰው መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስሞቹ ማለፍ ጀመሩ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፣ ልጃቸው ከጎናቸው ሆኖ ያነብላቸዋል። አለቀ። «የኔ አለፈ እንዴ?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእኔ ስም ሁለት ቦታ ነበረ።

ዛሬ ከ«ሮማን ሆሊዴይ» በፊት ያቺን ፊልም እንደገና እናሳያለን፣ ተስተካክላለች። እሳቸውም እዚሁ ናቸው፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ። ስማቸውን እኔ አልጠራም፣ ከመጋረጃው ላይ አንብቡት። ልጃቸው ስልክ ደውሎ አልደርስም ስላለ ለእሳቸው የማነበው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ቶሎ ልውረድ። መብራት ከሄደ ጄኔሬተር ተዘጋጅቷል። ስሞቹ አልፈው ሳያልቁ ማንም ከወንበሩ እንዳይነሳ፣ አቦሉም ከዚያ በፊት አይቀዳም።