ቀሪ መዝጋቢዋ

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። የካ አባዶ ነን እንደተለመደው። መብራት አለ። ውሃ ግን አትጠይቁኝ።

ባለፈው ሳምንት ሴትዮዋን አገኘኋት። የድንኳኗን ሴትዮ። ነግሬያችኋለሁ አይደል? የሚያስቀውን ግማሽ ነበር የነገርኳችሁ።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆኜ ነው። መመረቂያ ጽሑፌ እድር ላይ ነበር፤ ከየሰፈሩ በዕጣ መጥቶ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው፣ የማይተዋወቅ ሰው፣ እንዴት አብሮ ይቀባበራል የሚል። አባዬ ደግሞ ያው አባዬ ነው። "አጥንቱን ትተሽ ለቅሶ ገባሽ?" አለኝ። ለእሱ አንትሮፖሎጂ ማለት ሉሲ ናት፣ አለቀ።

ለማንኛውም፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ነኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ንፍሮ ይዞራል። ደብተሬ ጭኔ ላይ ነው። ፓርቲሲፓንት ኦብዘርቬሽን፤ በቃ እንደ ሰው ገብተሽ ተቀመጪ፣ እንደ ተማሪ እዪ ነው ነገሩ። የእድሩ ጸሐፊ ወዲያ ማዶ ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ከጎኔ ያሉት እናት ጠጋ አሉና፣ "የኔ ልጅ፣ ቀሪ የምትይዢው አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

እኔ... ነቀነቅኩ። አዎ ብዬ። አይታያችሁም እንጂ አሁንም እየነቀነቅኩ ነው።

"ልጄ ሥራ ይዟት ነው" አሉኝ። ልጅቷ ሌላ ብሎክ ላይ ቤት አላት፣ ለብቻዋ ነው የምትከፍለው። "መጥታለች ብለሽ ያዢልኝ።"

እና ስሟን ጠየቅኳቸው! እሱ ነው የማይገባኝ። መነቅነቁ እሺ፣ ድንጋጤ ነው እንበል። ስም መጠየቁስ? ጻፍኩት። ከጎኑ ራይት አደረግኩ። ሴትዮዋ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው መረቁኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ጸሐፊውን ኢንተርቪው ሳደርግ የቅጣት ዝርዝሩን አሳየኝ። ልጅቷ አለችበት። ሃምሳ ብር። ምን አልኩ? ምንም። እሱንም ገለበጥኩት። ምዕራፍ አራት ላይ ገባ፣ አማካሪዬ ከጎኑ "ግሩም መረጃ" ብሎ ጻፈበት። ጥሩ ውጤት አገኘሁ ስላችሁ...

ማሊኖውስኪን ታውቁታላችሁ፣ አንትሮፖሎጂስቱን፣ ብዙ ጊዜ አምቼዋለሁ። ትሮብሪያንድ ደሴቶች ሄዶ መንደር ውስጥ ድንኳን ተክሎ የኖረው። እሱም ድንኳን! ከሞተ በኋላ የግል ማስታወሻው ሲታተም፣ ያ ሁሉ አብሮ መኖር የተባለለት ሰው ለካ ይሰለቻል፣ ይነጫነጫል፣ ሰዎቹን ይሰድባል። የታተመው በ1967 ነው፣ በፈረንጅ። ሉሲ የተገኘችውም በ1967 ነው፣ በእኛ። ፈተና ላይ አምታትቼው... ተዉት፣ ይሄን ሰምታችሁታል። ልል የፈለግኩት፣ ክፍል ውስጥ እሱን ስናብጠለጥል ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። እሱ ግን ቢያንስ የውሸት ቀሪ አልያዘም። ወይም ይዞ አልጻፈው ይሆናል፣ እኔ ምን አውቃለሁ።

እና ባለፈው ሳምንት ሴትዮዋ ታክሲ ሰልፍ ላይ አዩኝ። "ጸሐፊዋ! እንዴት ነሽ?" አሉ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል። "አሁንም እድሩ ላይ ነሽ?"

"ለቀቅኩ" አልኳቸው።

ለቀቅኩ! ያልያዝኩትን ሥራ።

እንደሚያውቁ ጠረጠርኩ። ቅጣቱ ደርሷቸው የለ? ግን ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ወይ ረስተውታል፣ ወይ ደግሞ ያኔም... አይ። ታክሲው መጣ፣ እሳቸው ጋቢና ገቡ፣ እኔ ኋላ። ሃምሳ ብሩን በእጄ ይዤ ስወርድ እሰጣቸዋለሁ እያልኩ ነበር፤ ግን ምን ብዬ? የምን ብዬ? ረዳቱ መጣ፣ ሂሳብ ላወጣ ስል "ያንቺ ተከፍሏል" አለኝ። ወደ ጋቢናው ጠቆመኝ።

ዞር እንኳን አላሉም።

ምዕራፍ አራት ላይ ይሄ ቢኖር ኖሮ ምን ብዬ... ቆይ። ቆይ፣ ውሃ ነው እንዴ? ውሃ መጣ! ጀሪካኖቹን...