ፐርሲ ጁሊያን፦ ሞለኪውል በእጁ የሠራ ሰው

[ምስል፦ ጥቁር ቡናማ የካላባር ባቄላ፣ በቅርበት]

ይህ ፍሬ የሚበቅለው በናይጄሪያዋ ካላባር አካባቢ ነው። ድሮ በወንጀል የተጠረጠረ ሰው እንዲበላው ይደረግ ነበር። ከሞተ ጥፋተኛ ነው፣ አስመልሶት ከተረፈ ንጹሕ ነው ይባላል። በውስጡ ያለው መርዝ ፊዞስቲግሚን ይባላል። በትንሹ ሲሰጥ ግን መድኃኒት ነው። ግላኮማ የተባለውን የዓይን በሽታ ለማከም ረጅም ዘመን አገልግሏል።

ፊዞስቲግሚን ከአልካሎይዶች ወገን ነው። አልካሎይዶች በብዛት ዕፅዋት የሚሠሯቸው፣ ናይትሮጅን ያለባቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው። ብዙዎቹ ሰውነት ላይ ኃይለኛ ናቸው። የቡናው ካፌይንና የትምባሆው ኒኮቲን ከዚሁ ወገን ናቸው።

[ምስል፦ የፐርሲ ጁሊያን ፎቶ]

ፊዞስቲግሚንን በላቦራቶሪ ከሥር ጀምሮ የሠራው ፐርሲ ጁሊያን ነው። የተወለደው በ1899 አላባማ ውስጥ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አያቶቹ በባርነት የኖሩ ሰዎች ነበሩ። በከተማው ጥቁር ልጆች ከስምንተኛ ክፍል በኋላ የሚማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት አልነበረም። ኢንዲያና ወደሚገኘው ዴፖው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የጎደለውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጎን ለጎን ተማረ። በ1920 አንደኛ ወጥቶ ተመረቀ! ማስተርሱን ከሃርቫርድ፣ ዶክትሬቱን በ1931 ከቪየና አገኘ። ቪየና ላይ ያስተማረው ኤርንስት ሽፔት የታወቀ የአልካሎይድ ሊቅ ነበር።

በኋላ ወደ ዴፖው ተመለሰ። የቪየና ባልደረባው ጆሴፍ ፒክልም አብሮት መጣ።

አንድ አልካሎይድ መሥራት ለምን ያስቸግራል? አተሞቹን መገጣጠም ብቻ አይበቃም፣ እያንዳንዱ በትክክለኛው ቦታና አቅጣጫ መቀመጥ አለበት። በየደረጃውም የሚባክን አለ። ሥራው አሥር ደረጃ ቢኖረውና እያንዳንዱ 80 በመቶ ቢሳካ፣ መጨረሻ ላይ እጅ የሚገባው 11 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

የጁሊያን ተፎካካሪ ደግሞ ቀላል ሰው አልነበረም። የኦክስፎርዱ ሮበርት ሮቢንሰን ነው፣ በኋላ ኖቤል የተሸለመው። ወደ ፊዞስቲግሚን የሚያደርሰው የመጨረሻው ዋና መተላለፊያ ኤሴሬቶል የሚባል ውህድ ነው። ሮቢንሰን ሠርቼዋለሁ ብሎ አሳተመ። የጁሊያን ውህድ ግን ጠባዩ ከዚያ የተለየ ሆነ። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ይህ ወቅት ነው። ገና ስም ያላወጣ ጥቁር ኬሚስት፣ በትንሽ ኮሌጅ ላቦራቶሪ ሆኖ፣ ትክክሉ የእኔ ነው ብሎ በይፋ ጻፈ። ማስረጃው የመቅለጫ ሙቀት ነበር። ንጹሕ ንጥረ ነገር የሚቀልጥበት ሙቀት እንደ ጣት አሻራ ነው። የእሱ ውህድ ከባቄላው ከተገኘው ጋር ገጠመ፣ የሮቢንሰን አልገጠመም። ጁሊያንና ፒክል ሥራውን በ1935 ጨረሱ።

ዴፖው ግን በጥቁርነቱ ምክንያት ቋሚ የፕሮፌሰርነት ቦታ አልሰጠውም። በ1936 ቺካጎ ወዳለው ግሊደን ኩባንያ ሄዶ የአኩሪ አተር ምርምር ኃላፊ ሆነ። ብዙዎች አልካሎይዱን ትቶ ሌላ ነገር ጀመረ ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። የካላባር ባቄላን ሲመረምር ስቲግማስቴሮል የተባለ ንጥረ ነገር አግኝቶ ነበር። ይኸው ንጥረ ነገር አኩሪ አተር ውስጥም አለ። ከእሱ ተነስቶ ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን በብዛት ማምረት ቻለ። ውድ የነበረው ሆርሞን በዚህ መንገድ ለሕክምና ሊደርስ ቻለ።

የቺካጎ ዳርቻ በሆነችው ኦክ ፓርክ የገዛው ቤት በጥቁርነቱ ምክንያት በ1950 ሊቃጠል ተሞከረ፣ በ1951 ደግሞ ዲናሚት ተወረወረበት። ቤተሰቡ ግን ከዚያ አልለቀቀም። በ1973 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል አደረገው። በ1975 አረፈ።

[ምስል፦ የአስተናግር አበባ]

ለግላኮማ ዛሬ የተሻሉ መድኃኒቶች አሉ። ፊዞስቲግሚን ግን አትሮፒን ለመረዘው ሰው ማርከሻ ሆኖ ሲሰጥ ኖሯል። አትሮፒን ደግሞ በእኛው አስተናግር ውስጥ የሚገኝ አልካሎይድ ነው።