ፈቃድ ስለ ማዋስ፦ ለሥራ ተቋራጮች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ከዛሬው አጀንዳ ሰፊውን ጊዜ የሚወስደው የፈቃድ ጉዳይ ነውና በእሱ እጀምራለሁ። ሦስቱ ወረቀቶች ዛሬም ይምታታሉ። የንግድ ፈቃድ ድርጅቱ በሕግ መመዝገቡን ያሳያል። የብቃት ማረጋገጫው ምን ዓይነትና ምን ያህል ሥራ መያዝ እንደሚችል ይወስናል። የግንባታ ፈቃድ ግን ለአንድ ቦታና ለአንድ ፕላን ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ከፍተኛ ደረጃ ያለው ተቋራጭም ያለ እሱ መሠረት አይቆፍርም።

ማመልከቻ የሚመለሰው በሙያ ጉድለት ብቻ አይደለም። በፈቃዱና በኢንሹራንሱ ላይ ያለው ስም በአንድ ፊደል ይለያያል፤ ወይም የኢንሹራንሱ ዘመን ከፈቃዱ ቀድሞ ያልቃል። የልምድ ደብዳቤውም «በጥሩ ሁኔታ ሠርቷል» ይልና የሥራውን ዓይነት፣ መጠንና የተጠናቀቀበትን ቀን ይዘላል። ደብዳቤውን ርክክብ በተፈጸመበት ሳምንት ጠይቁ። ከዓመታት በኋላ አሠሪው ቤቱን ሸጦ፣ አማካሪው መሥሪያ ቤት ቀይሮ ትፈልጉታላችሁ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ሁሉም በሚተዋወቅበት ትንሽ ማኅበረሰብ ፈቃድ ማዋስ፣ ማለትም ሌላ ሰው በእኛ ፈቃድ ሥራ ይዞ እንዲሠራ መፍቀድ፣ እንደ ውለታ ይታያል፤ እምቢ ለማለት ይሉኝታ ይይዛል። ውሉን የፈረመው ግን ባለፈቃዱ ነው። ሠራተኛ ከመወጣጫ ላይ ቢወድቅ ኢንሹራንሱ ሥራውን በትክክል ማን ይመራ እንደነበር ያጣራል፤ በፖሊሲው የተመዘገበው ድርጅት ካልሆነ ካሳ ላለመክፈል ምክንያት ያገኛል። ዕዳው ዞሮ አዋሹን ይይዛል። ከአቅም በላይ የሆነ ሥራ የሚመኝ ደግሞ በንዑስ ተቋራጭነት ወይም በጆይንት ቬንቸር (ከሌላ ድርጅት ጋር በሽርክና) ይግባ፤ በዚያ መንገድ የሠራው በራሱ ስም ልምድ ሆኖ ይመዘገብለታል።

ኃላፊ ባለሙያው ሳይት ላይ የሚፈለገው በተለይ ሥራ ከመሸፈኑ በፊት ነው። አርማታ ከመሞላቱ በፊት የፌሮው ውፍረት፣ ርቀትና መደራረቢያ ከፕላኑ ጋር ይነጻጸራል። በቀጥታ አፈር ላይ ለሚሞላ መሠረት ፌሮው 75 ሚሊ ሜትር የአርማታ ሽፋን እንዲኖረው በስፋት የሚሠራባቸው ደንቦች ይጠይቃሉ። ይህን ርቀት በሚጠብቀው የሲሚንቶ ቁራጭ (ስፔሰር) ፋንታ የእንጨት ቁራጭ ከገባ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ በከፈተው ቀዳዳ እርጥበት ይገባል፣ ፌሮውም ይዝጋል። ድብልቁ ደረቀ ተብሎ ውሃ ሲጨመርም ጥንካሬው ይወርዳል። ይህ በ28ኛው ቀን ናሙና ሲረጋገጥ በመሠረቱ ላይ ኮለን (ምሰሶ) ቆሟል፤ ቀድሞ የሚጠቁመውን የ7 ቀን ምርመራ አትዝለሉ። ቧንቧ ከልስን በፊት በግፊት ይፈተሽ፤ የኤሌክትሪክ መስመርም እንዲሁ ሳይሸፈን ይታይ።

ለጉባኤው የምናቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ሁለት ነጥብ አለው፦ ጽሕፈት ቤቱ የፈቃድና የኢንሹራንስ ማብቂያ ቀን መዝግቦ ከ60 ቀን በፊት ለአባሉ ያሳውቅ፤ ፈቃድ ያዋሰ አባል ከማኅበሩ ይታገድ። የእግዱ ርዝመት በረቂቁ ላይ ክፍት የተተወው እናንተ እንድትወስኑት ነው። ጉባኤው ተከፍቷል።