«ስንት ዲግሪ ነው?» ብለን ብቻ አንለፍ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ብርድ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቃል እናጥራ። በአማርኛ «ክረምት» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ዝናብ ነው፤ ጭቃና ደመና። በብዙው ዓለም ግን ክረምት ፀሐይ የምትሸሽበት፣ ውሃ ድንጋይ የሚሆንበት ወቅት ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ በደቡቡ ከሰኔ እስከ ነሐሴ አካባቢ ይውላል። እኔም ዛሬ ክረምት ስል ይሄንን የብርድ ወቅት ማለቴ ነው።

ብርድ አገር ላለ ሰው ስንደውል መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ዲግሪ ነው?» ብለን ነው። ቁጥሩን ሰምተን «ጉድ ነው!» እንላለን። እኔ ግን ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ ያሳስተናል ባይ ነኝ። ንፋሱ አለ፣ እርጥበቱ አለ፣ ብርሃኑ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤቱ አለ።

ያኩትስክን እንውሰድ። በሳይቤሪያ ያለች የሩሲያ ከተማ ናት። በጥር ወር አማካዩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ከተማዋ የቆመችው ዓመቱን ሙሉ በማይቀልጥ አፈር ላይ ነው። የቤቱ ሙቀት ወደ ታች ዘልቆ አፈሩን ካቀለጠው ሕንፃው ይሰምጣል። ስለዚህ ሕንፃዎቹ በምሰሶ ከፍ ተደርገው ይሠራሉ፤ ከሥራቸው ቀዝቃዛው አየር እንዲያልፍ።

እንዲህ ባለ ብርድ በር አንድ አይበቃም። የመጀመሪያውን ከፍታችሁ ትገባላችሁ። እሱ ከኋላችሁ ሲዘጋ ሁለተኛው ይከፈታል፤ አንዳንዴ ሦስተኛም አለ። መነጽር ያደረገ ሰው ገና ከመግባቱ ዓይኑ ይጋረዳል። መስታወቱ ጭጋግ ይለብሳል፤ እሱም አውልቆ ትንሽ ይቆማል። ውጭ ደግሞ የብረት እጀታ በእርጥብ እጅ አይነካም፣ ቆዳ ይጣበቅበታል። በረዶው ከጫማ ሥር ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። ቤት ውስጥ ግን የሞቀ ውሃ በቧንቧ ይዞራል። ሰው በካናቴራ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ሻንጋይ እንሂድ። የጥር አማካይዋ ከዜሮ በላይ 5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከያኩትስክ በ45 ዲግሪ ያህል ትሞቃለች ማለት ነው። ግን በ1950ዎቹ ቻይና ውስጥ የጋራ ማሞቂያ ሲዘረጋ መስመር ተሰመረ። የቺንሊንግ ተራሮችና የኋይ ወንዝ ድንበር ሆኑ። ከዚያ በሰሜን ያለው ማሞቂያ ገባለት፣ በደቡብ ያለው ቀረ። ሻንጋይ በደቡብ ናት። እዚያ ብዙ ሰው እቤቱ ውስጥ ካፖርት ለብሶ ይውላል። የታጠበ ልብስ ቀናት ቆይቶም አይደርቅም። ማታ አልጋ ውስጥ ሲገቡ አንሶላው ራሱ እርጥብ ይመስላል።

እርጥበት ለምን እንዲህ ይበረታል? ልብስ የሚያሞቀን በክሮቹ መሃል አየር ስለሚይዝ ነው። አየር ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ውሃ የአየሩን ቦታ ሲይዝ ግን ሙቀታችን ሾልኮ ይሄዳል። እኔ በበኩሌ ደረቅ ሆኖ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪን፣ እርጥብና ማሞቂያ የሌለው ቤት ውስጥ ካለ 8 ዲግሪ ይልቅ እመርጣለሁ። ዴልሂም በጥር እንዲሁ ናት። ጭጋጉ ፀሐይዋን ሲሸፍን፣ የበጋውን ሙቀት እንዲከላከል ተብሎ የተሠራው ቤት አንዳንዴ ከደጁ ይልቅ ይቀዘቅዛል።

ይሄ የምቾት ወሬ ብቻ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ በክረምት የሚጨምረው ሞት በአገሮች መካከል ሲነጻጸር፣ ለስላሳ ክረምት ያላት ፖርቱጋል ከፊንላንድ በልጣ ተገኝታለች። ፊንላንድ ውስጥ መስኮቱ ሦስት ንብርብር መስታወት ነው፣ ግድግዳው ሙቀት ይይዛል። በፌብሩዋሪ 2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካዋን ቴክሳስ ከባድ ቅዝቃዜ መታት። ሚሊዮኖች መብራት ጠፋባቸው። ውሃ ሲረጋ ከመጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ቧንቧዎች ፈነዱ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። እንዲያ ያለው ቅዝቃዜ በካናዳዋ ዊኒፔግ ተራ የጥር ቀን ነው። እዚያ ከመኪናው አፍንጫ የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። ማታ ሞተሩን እንዲያሞቅ ግድግዳ ላይ ይሰካል። ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ሰው ሥራ ይገባል።

ባሕርም የራሱ ሥራ አለው። የኖርዌይዋ ትሮምሶ ከያኩትስክ ይልቅ ወደ ሰሜን ዋልታ ትቀርባለች። የጥር አማካይዋ ግን ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው፤ ሞቃት የውቅያኖስ ጅረት ያልፍባታል። የትሮምሶ ፈተና ሌላ ነው። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥር መጀመሪያ ድረስ ፀሐይ አትወጣም። ቀትር ላይ ሰማዩ ለጥቂት ሰዓት ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያ መልሶ ይጨልማል። ብዙ ሰው እንቅልፉ ይዛባል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ብርድን በካፖርት እንችለዋለን። ጨለማን የሚከላከል ልብስ የለም፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ይሄኛው ነው።

በጃፓን ምዕራባዊ ዳርቻ ደግሞ ችግሩ የበረዶው ብዛት ነው። የሳይቤሪያ ቀዝቃዛ አየር ባሕሩን ሲሻገር እርጥበት ይጠጣል፤ ተራራ ሲያጋጥመው ያራግፈዋል። በአንዳንድ ከተሞች መንገዱ ውስጥ በተቀበሩ ቧንቧዎች የከርሰ ምድር ውሃ እየተረጨ በረዶውን ያቀልጣል። ጣሪያ ላይ የተከመረውን ግን ሰው ወጥቶ መዛቅ አለበት። በየዓመቱ ከጣሪያ ወድቀው የሚሞቱ አሉ፤ ብዙዎቹ አዛውንት ናቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስትደውሉ ዲግሪውን ጠይቁ፣ ችግር የለውም። ግን እዚያ ላይ አታቁሙ። ቤቱ ይሞቃል ወይ? ስንት ሰዓት ይነጋል? ንፋስ አለ? የደወላችሁላት ልጅ «ልብሴን ካጠብኩ ሦስት ቀን ሆነኝ፣ እስካሁን አልደረቀም» ካለቻችሁ፣ ቴርሞሜትሩ 8 ቢልም ልጅቷ በርዷታል።

አመሰግናለሁ።