እርስዎ ያለው ልጅ

የተከበራችሁ የጥበብ ወዳጆች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፤

እንኳን ለዓለም የቴአትር ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

ሼክስፒር እ.ኤ.አ. በ1616 ሲሞት ከቴአትሮቹ ግማሽ ያህሉ ገና ማተሚያ ቤት አልገቡም ነበር። ማክቤዝ አልታተመም፤ ጁሊየስ ቄሳርም አልታተመም። ጆን ሄሚንግስ እና ሄንሪ ኮንዴል የተባሉ ሁለት የመድረክ ባልደረቦቹ በ1623 ሠላሳ ስድስት ቴአትሮቹን ሰብስበው በአንድ ጥራዝ ባያወጡ ኖሮ ማክቤዝን ማን ያውቀው ነበር? አዋላጆቹ ተዋንያን ናቸው። ይህን ለትወና ተማሪዎች ደጋግሜ የምነግራቸው ትንሽ እንዲኮሩ ብዬ ነው።

ከዚያም ወዲህ ሥራዎቹ ያላዩት የለም። ናሆም ቴት የሚባል ገጣሚ በ1681 የንጉሥ ሊር ፍጻሜ መረረውና የንጉሡን ልጅ ኮርዴሊያን ከሞት አትርፎ ዳራት፤ ሽማግሌውንም ዙፋኑ ላይ መልሶ አስቀመጠው። ተዋናዩ ማክሪዲ በ1838 ዋናውን እስኪመልስ ድረስ፣ የእንግሊዝ ተመልካች መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ያለቀሰው በዚህ በተቀባባ ሊር ነው። ቴትን ብዙዎች ይረግሙታል፤ እኔ ግን አልጨክንበትም። ቢያበላሸውም ከመድረክ አላወረደውም።

ወደ እኛው አህጉር ስንመጣ የታንዛኒያው መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ አሉ። አገር እየመሩ፣ በ1963 ጁሊየስ ቄሳርን ወደ ስዋሂሊ መለሱ፤ ሞክሼያቸውን መሆኑ ነው። በ1969 የቬኒሱን ነጋዴ ሲያስከትሉ ግን ርዕሱን «የቬኒስ ከበርቴዎች» አሉት። ነጋዴው በሶሻሊስት እጅ ከበርቴ ሆኖ አረፈው!

ለእኛ ደግሞ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን በአማርኛ አናገረልን። የአማርኛ ጆሮ ለሐምሌት ምን እንደሚያተርፍለት በአንዲት ትዕይንት ላሳያችሁ። ንግሥቲቱ ልጇን ጓዳዋ አስጠርታ፣ አባትህን እጅግ በድለሃል ትለዋለች፤ የእንጀራ አባቱን ማለቷ ነው። ልጁም፣ አባቴን እጅግ በድለዋል ብሎ ይመልስላታል፤ የሞተውን ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛው እናት «አንተ» ስትለው እሱ «እርስዎ» ይላታል። የዛሬው እንግሊዝኛ ግን ይህን ልዩነት ከዕለት ንግግሩ ስላጠፋው የለንደን ወጣት ቃሉን ሰምቶ ያልፈዋል። ለእኛ ግን እናቱን «አንቺ» እያለ ያደገ ልጅ፣ በተቆጣ ቀን ድንገት «እርስዎ» ሲላት፣ ያ አክብሮት እንዳልሆነ ማንም አያስረዳንም። በር ሲዘጋ እንሰማዋለን። አራት መቶ ዓመት የተሻገረ ቃል በባለቤቶቹ ጆሮ ደብዝዞ በሰው ቋንቋ ጥርት ሲል ማየት ያስደንቀኛል።

አሁን ተማሪዎቻችን ይህንኑ ትዕይንት ያቀርቡልናል። ሐምሌትን የሚጫወተው ልጅ «እርስዎ» ሲል እባካችሁ የእናቲቱን ፊት ተመልከቱ።

አመሰግናለሁ።