ቦስተን ያለ ሳንቲም እንዴት ትገበያይ ነበር? ከጠገራ ብር እስከ ዱቤ ደብተር

እንደምን ናችሁ? ዛሬ ወደ ማሳቹሴትስ እንሄዳለን። እንግሊዝ ትገዛት ወደነበረችው ማሳቹሴትስ፣ ወደ ዋና ከተማዋ ቦስተን፣ ከአሜሪካ አብዮት በፊት ወዳለው ዘመን። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳንምታታ።

ጥያቄያችን ይሄ ነው። አንድ ቤተሰብ ሻማ አልቆበታል። ጫማ የሚታደስ አለ፣ ልብስ የሚታጠብ አለ። ቤት ውስጥ ግን ሳንቲም የለም። ጎረቤትም ጋ የለም። ባለሱቁም ጋ ቢኬድ ያለው ጥቂት ነው። በምን ይከፈላል?

ሳንቲሙ የት ሄደ? ቶሎ ልበለው። ቅኝ ግዛቱ ከእንግሊዝ የሚገዛው ወደዚያ ከሚሸጠው ይበልጣል፤ ስለዚህ የገባው ብር ዕዳ ሊከፍል ተመልሶ ለንደን ይሄዳል። በእጅ የሚዞረው ሳንቲም በብዛት የስፔን ዶላር ነበር፤ ሜክሲኮና የዛሬዋ ቦሊቪያ ውስጥ ባለችው ፖቶሲ ተመትቶ በካሪቢያን ንግድ በኩል የሚገባ።

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ይሄን ታሪክ እኛ አሳምረን እናውቀዋለን። ጠገራ ብርን አስቡት። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ በየትኛውም ዓመት ይመታ ሁልጊዜ 1780 የሚል። ቪየና የት እንዳለች ያልሰማ ነጋዴ ጎንደር ላይ ይቀበለዋል። ለምን? ብር ስለሆነ፣ ሌላ ምክንያት የለውም። 28 ግራም ይመዝናል። የስፔኑ ዶላር 27 ግራም ነው። ወንድማማች ናቸው ማለት ይቻላል፤ እንዲያውም «ዶላር» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው «ታለር» ከሚለው፣ ከጠገራ ብሩ የአውሮፓ ስም ነው። ሁለቱም የሰው አገር ሳንቲም፣ ሁለቱም የሚታመኑት በውስጣቸው ባለው ብር። የእኛ ሰው የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ አገላብጦ ያያል፣ ካረጀበት ይመልሳል። የቦስተኑ ባለሱቅ ትንሽ ሚዛን ያወጣል፣ ጠርዙ የተከረከመ እንደሆነ ይመዝናል።

ችግራቸውም አንድ ነው፦ ትልቅነታቸው። በአንድ ጠገራ ብር አንድ ጭብጥ በርበሬ አይገዛም። የእኛ መፍትሔ አሞሌ ጨው ነበር። ለዝርዝሩ አሞሌ፣ ለትልቁ ጠገራ። ከአፋር ጨው ሜዳ በራቃችሁ ቁጥር አሞሌው ይወደዳል፣ በአንድ ብር የምታገኙት ቁጥር ይቀንሳል። ቦስተን አሞሌ የላትም። ዶላሩን በመሮ ስምንት ቦታ መቁረጥ ነበር አንዱ ዘዴ፤ አንዱ ስንጥር «ቢት» ይባላል። የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ዋጋን እስከ 1997 በስምንተኛ ሲቆጥር የኖረው የዚህ ውርስ ነው።

ሌላውና ዋናው ዘዴ ግን ደብተሩ ነው።

እዚህ ላይ ባለፈው ቪዲዮ ስር ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁትን ላንሳ፤ ተደጋግሞ ስለመጣ ዝም ብዬ አላልፈውም። «ሳንቲም ከሌለ በዕቃ ልውውጥ ነዋ! ዶሮ ሰጥቶ ጨርቅ መውሰድ!» አይደለም። በጭራሽ አይደለም ማለቴ አይደለም፤ እጅ በእጅ የተለዋወጠ ሰው ይኖራል። የዕለት ተዕለቱ ግብይት ግን እንደዚያ አልነበረም። አስቡት፤ ጫማ ሰፊው የሚፈልገው ዛሬ ቅቤ ነው። ባለቅቤው ደግሞ ጫማው የሚያልቅበት ከስድስት ወር በኋላ ነው። ልውውጥ ቢሆን ሁለቱም ተራርቀው ይቀራሉ። ደብተሩ የሚያደርገው ሁለቱን ቀኖች ማገናኘት ነው። ቅቤው ዛሬ ይሄዳል፣ ዋጋው በሽልንግና በፔንስ ይጻፋል፣ ጫማው ሲደርስ ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ልብ በሉ፦ በሽልንግ ይጻፋል፣ ሽልንግ ግን ማንም አልያዘም። ገንዘቡ መለኪያ እንጂ መክፈያ አይደለም። ሰፈራችሁ ያለው ሱቅ ያለውን የዱቤ ደብተር አስቡ፤ ልዩነቱ ባለሱቁም ለደንበኛው ዕዳ ሊኖርበት መቻሉ ነው።

አንድ ገጽ እንክፈት። አሃዙ ለማሳያ የሠራሁት ነው፣ አጻጻፉ ግን የዘመኑ ነው። 12 ፔንስ 1 ሽልንግ፣ 20 ሽልንግ 1 ፓውንድ፤ ይሄን ታውቁታላችሁ።

በግራ ገጽ ደንበኛው የወሰደው፦ 1 ጋሎን ሞላሰስ፣ 2 ሽልንግ። 4 ፓውንድ የሞራ ሻማ (ይሄኛው ፓውንድ የክብደት ነው)፣ ፓውንዱ በ8 ፔንስ፣ 2 ሽልንግ ከ8 ፔንስ። 3 ያርድ ጨርቅ፣ ያርዱ በ3 ሽልንግ ከ6፣ 10 ሽልንግ ከ6። ድምር 15 ሽልንግ ከ2።

በቀኝ ገጽ የሰጠው፦ 3 ቀን የድርቆሽ አጨዳ፣ ቀኑ በ2 ሽልንግ ከ6፣ 7 ሽልንግ ከ6። 10 ፓውንድ ቅቤ በ7 ፔንስ፣ 5 ሽልንግ ከ10። ድምር 13 ሽልንግ ከ4።

ቀሪ ዕዳ 1 ሽልንግ ከ10 ፔንስ። ሁለቱ ይቀመጣሉ፣ ይተሳሰባሉ፣ ሁለቱም ከሥሩ ይፈርማሉ፣ ቀሪው ወደ አዲስ ገጽ ይሻገራል። ይሄ በዓመት አንዴ ሊሆን ይችላል፣ ዓመታትም ሊቆይ ይችላል። አልስማማም ያለ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ባለደብተሩ ከማለ ደብተሩ ማስረጃ ይሆናል።

ስለ ሻማው አንድ ነገር፣ ጧፍ ለምናውቅ ሰዎች። ጧፍ ሰም ነው፣ ይሄ ግን የከብት ሞራ ነው። ይቀልጣል፣ ክሮቹ በእንጨት ላይ ተደርድረው ይነከራሉ፣ ይወጣሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ እንደገና ይነከራሉ፤ እስኪወፍሩ ድረስ። ሞራው በጣም ከጋለ የተያዘውን መልሶ ያቀልጠዋል። ሲበራ ክሩ ሙሉ በሙሉ ስለማይቃጠል በመቀስ ካልተቆረጠ ይጨሳል፣ ጎኑን እያቀለጠ ይፈሳል። ክፍት ቦታ ከተተወ ደግሞ አይጥ ይበላዋል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን 10 ዓመት ሲሞላው ከትምህርት ቤት ወጥቶ የገባው እዚህ ሥራ ላይ ነው፤ አባቱ ቦስተን ውስጥ ሻማና ሳሙና ሠሪ ነበር፣ ልጁ ክር ይቆርጥ ነበር።

አሁን የት ይበላሻል? ሁለት ቦታ።

አንደኛው፣ የማን ሽልንግ? ያው አንድ የስፔን ዶላር ለንደን 4 ሽልንግ ከ6፣ ቦስተን 6 ሽልንግ፣ ፊላዴልፊያ 7 ሽልንግ ከ6፣ ኒውዮርክ 8 ሽልንግ ነው። ሳንቲሙ አልተለወጠም፣ የሽልንጉ መጠን ነው የሚለያየው። ማሳቹሴትስ ራሷ ውስጥ ደግሞ የባሰ አለ። ከ1690 ጀምሮ የወረቀት ገንዘብ አሳትማ፣ እያሳተመች፣ ወረቀቱ ወደቀ። በ1749 ከእንግሊዝ 217 ሣጥን የስፔን ዶላርና 100 በርሜል የመዳብ ሳንቲም መጣ፤ ካናዳ ውስጥ የነበረውን የፈረንሳይ ምሽግ ሉዊስበርግን ለመያዝ በተደረገው ዘመቻ ያወጣችው ወጪ ማካካሻ ነው። በዚያ ብር አሮጌው ወረቀት ተሰበሰበ፤ 45 ሽልንግ አሮጌ በአንድ ዶላር። አዲሱ ሕጋዊ ገንዘብ ግን 6 ሽልንግ በዶላር። ሰባት ተኩል እጥፍ! ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ «አሮጌ» ወይም «ሕጋዊ» የሚል ምልክት ያልጻፈ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ከደንበኛው ጋር ይጣላል።

ሁለተኛው ስም ነው፣ እኔን አጥብቆ የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው። ሚስት ፈትላ፣ አጥባ፣ ቅቤ ንጣ ያመጣችው ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በባሏ ስም ነው፤ ሕጉ ያገባችን ሴት በራሷ ስም ተዋዋይ አያደርጋትም ነበር። በባርነት የተያዘ ሰው የሠራው ቀን ደግሞ በባለቤቱ ሒሳብ ላይ ይመዘገባል። ማሳቹሴትስ ውስጥም ባርነት ነበር፣ ይሄን የማያውቅ ብዙ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ደብተር ስታነቡ የቀኙን ገጽ ስታዩ ጠይቁ፦ ይሄን ልብስ በእጁ ያጠበው ማነው?

የሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ ሳሙናው ነው፤ ከምድጃ አመድ ውኃ አንጠፍጥፎ፣ እንቁላል አንሳፍፎ ጥንካሬውን ስለመለካት። እስካሁን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኗት። በእንዶድ ያጠበች እናት ወይም አያት ያላችሁ ደግሞ እስከዚያ ጠይቁልኝ፦ ለአንድ ነጠላ ስንት ጭብጥ ነበር የሚወቀጠው?