«ቤት የእግዜር ነው»፦ የኅዳር ሚካኤል ድግስ ጨዋታ

እታለም፦ ጤና ይስጥልን፣ ከባሕር ዳር ነን! ዛሬ የማርታንና የማርያምን ታሪክ ይዘናል። ሰው ቤታችን ጠርተን ማስተናገድ ስለ እምነታችን ምን ያስተምረናል?

ወንድምአለም፦ መጀመሪያ የኅዳር ሚካኤሉን ተናገሪ እንጂ።

እታለም፦ እሺ፣ ባጭሩ። ኅዳር 12 የጽዋ ማኅበራችን ተረኛ እኔ ነበርኩ። ቤቴ ሽምብጥ ነው። ጠላው ደርሷል፣ ድፎው ተደፍቷል። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ምጣዱን ሰካሁ። ሁለት እንጀራ እንዳወጣሁ መብራት ድርግም!

ወንድምአለም፦ ወይኔ!

እታለም፦ ሊጡ ኩፍ ብሎ ከባልዲው ሊወጣ ደርሷል። ሠላሳ ሰው ይመጣል። ጓዳ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያኔ ለሚካኤል ብዬ ያለቀስኩ መስሎኝ ነበር። አይደለም። «ሰው ምን ይለኛል» ነው ያስለቀሰኝ።

ወንድምአለም፦ እሱ ከባድ ነው።

እታለም፦ በር ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናት። ሙስሊም ናት፤ ለሱብሂ፣ ለንጋት ሶላት፣ ተነስታ መብራቱ መጥፋቱን አይታለች። «ሊጡን አምጪው፣ የእንጨቱን ምጣድ አጥጃለሁ» አለችኝ። ሌሎች ሁለት ጎረቤቶችም ሰሙ። ሊጡ ለሦስት ቤት ተከፋፈለ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንጀራው በየሞሰቡ መጣልኝ። ሊጡ አንድ ነው፤ እንጀራው ግን ሦስት ዓይነት። የአንዷ ስስ ነው፣ የአንዷ ወፈር ብሎ ጠርዙ ደርቋል፣ የዚያች ጎረቤቴ ደግሞ ዓይኑ ሲያምር!

ወንድምአለም፦ ጭስ ጭስ ይል ነበር እኮ። ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ።

እታለም፦ አየህ! ከዚያ ቄሱ በር ላይ «ቤቶች!» አሉ። እኔም «ይግቡ አባ፣ ቤት የእግዜር ነው» አልኩ። አፌ የለመደው ቃል ነው፤ ከእናቴ የሰማሁት። ያን ቀን ግን ጆሮዬ ሰማው። እውነት የማን ቤት ነው? የማን እንጀራ ነው? እኔም ራሴ ተጋባዥ ነበርኩ።

ወንድምአለም፦ የዱራታኦስና የቴዎብስታ ነገር ነው።

እታለም፦ ንገራቸው።

ወንድምአለም፦ ስንክሳሩ ላይ፣ የቅዱሳን ታሪክ በየዕለቱ በሚነበብበት መጽሐፍ፣ ኅዳር 12 የሚነበብ ነው። በየወሩ የሚካኤልን በዓል የሚዘክሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ደኸዩ፤ ለዝክሩ ልብሳቸውን ሊሸጡ ተነሱ። መልአኩ በሹም አምሳል መጣና በጉንም ዓሣውንም ተዋስ፣ እኔ እከፍላለሁ አለው። ዓሣው ሆዱ ሲከፈት 300 ዲናር ወርቅ! እናቴ ቀረሶ ዓሣ ስታርድ ሁልጊዜ አጠገቧ ቆሜ ወርቁን እጠብቅ ነበር። የጣና ልጅ ሆነህ ዓሣ ያለበት ታሪክ ስትሰማ...

እታለም፦ ጀመረልህ፣ ዓሣው!

ወንድምአለም፦ ዓሣው ነዋ! ግን አንድ ነገር ልበል። ተበድሮ መደገስ አይከብድም? ለአንድ ቀን ድግስ ስንት ቤት ዕዳ ውስጥ ገባ።

እታለም፦ መልአኩ እኮ ልብስህን አትሽጥ ነው ያለው።

ወንድምአለም፦ እሱስ ልክ ነሽ። ግን ተዋስ ብሏል።

እታለም፦ ዋስ ሆኖ ነዋ! እኛ ሰው ምን ይለናል ብለን ስንበደር ማን ዋስ ይሆነናል?

ወንድምአለም፦ እንጃ... እኔ አሁንም ንፍሮና ጠላ ይበቃል ባይ ነኝ።

እታለም፦ ለሚካኤል ንፍሮ ብቻ? በሌላ ቀን እንከራከርበታለን። ማርታን ረሳናት! ሉቃስ 10 ላይ ጌታ ቤቷ ሲገባ ማርታ ለማስተናገድ ስትባክን እኅቷ ማርያም እግሩ ሥር ተቀምጣ ቃሉን ትሰማ ነበር። ማርታን ግን «አትሥሪ» አላላትም። «በብዙ ነገር ትጨነቂያለሽ» ነው ያላት። ሥራዋን አልነቀፈም፣ ጭንቀቷን ነው። ያ ጓዳ ያለቀስኩት ልቅሶ ማለት ነው።

ወንድምአለም፦ ማርያም ግን መልካሙን መረጠች ይላል። እናንተ ጓዳ ስትሯሯጡ የጽዋው ጸሎት ያልፋችኋል።

እታለም፦ እሱን አልክድህም። ቄሱ ጽዋውን ሲባርኩ እኔ ወጥ እያማሰልኩ ነበር። «አሜን» ያልኩት ከመጋረጃ ጀርባ ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ወንድምአለም፦ በእኔ ተራ አንቺ ትቀመጫለሽ። ወንዶቹ እናቀርባለን።

እታለም፦ ቃል ነው?

ወንድምአለም፦ ቃል ነው። ጽዋው ቤቴ ነው፣ በነጭ ነጠላ ተሸፍኖ። ታኅሣሥ 12 ደግሞ ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ነው። ዓሣ የለም!

እታለም፦ ተገላገልን! መብራት ቢጠፋስ?

ወንድምአለም፦ ያቺ ጎረቤትሽን ጠይቂልኝ።

እታለም፦ ነግሬያታለሁ። «ሊጡን ማታውኑ ላኩት» ብላለች።